እርግብግቢት፦ የሕፃናት ራስ ቅል ለምን ክፍት ሆኖ ይወለዳል?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበው ንግግር ለንባብ እንዲመች ተደርጎ የተዘጋጀ)



ምስጋና ሁሉ ሰውን ከጠብታ ፈጥሮ በደረጃ ላሳደገው ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ውድ የፕሮግራማችን ተከታታዮች! ዛሬ የምንነጋገርበት ርዕስ በየቤታችን ያለ፣ በየዕለቱም በእጃችን የምንዳስሰው ነገር ነው፤ የሕፃናት ራስ ቅል። ይህን ርዕስ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕፃን ታቅፈው ወደ መስጂድ የሚመጡ ወላጆች «እርግብግቢቱ ጎድጉዷልና ሩቃ አድርጉለት» ይሉናል። ሕፃኑን ስናየው ዓይኑ ገብቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ ለማልቀስ እንኳ አቅም አጥቷል። ስንጠይቃቸው ተቅማጥ ከያዘው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቤት ውስጥ ግን ሁሉም ሰው ሲያክም የቆየው እርግብግቢቱን እንጂ ተቅማጡን አልነበረም። አንዱ ቅቤ ይለጥፍበታል፣ ሌላው ላንቃውን በጣት ወደ ላይ ይገፋል፣ አንዳንዱም በጋለ ብረት ይተኩሰዋል። የሕፃኑ ሕይወት ግን በዚያ መካከል እያለፈ ነው።

ስለዚህ ይህ አጥንት እንዴት ተሠራ? ለምን ክፍት ሆነ? መቼስ ይዘጋል? ሲጎደጉድና ሲያብጥ ምን እየነገረን ነው? የሚሉትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንመለከታለን፤ ኢንሻአላህ።

ራስ ቅል አንድ አጥንት አይደለም

ብዙዎቻችን ራስ ቅል እንደ ቅል ወጥ ሆኖ የተሠራ ይመስለናል። እውነታው ግን ሌላ ነው። የአንድ አዋቂ ሰው ራስ ቅል በ22 አጥንቶች የተገነባ ነው። 8ቱ አንጎልን የሚከቡ ሲሆኑ 14ቱ ደግሞ የፊት አጥንቶች ናቸው። በተወለደ ሕፃን ላይ ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል፤ ምክንያቱም በአዋቂ ሰው ላይ አንድ ሆነው የምናያቸው አንዳንድ አጥንቶች በሕፃኑ ላይ ገና አልተገናኙም። ለምሳሌ ግንባራችን በአዋቂነት አንድ አጥንት ነው። በሕፃን ላይ ግን ግራና ቀኝ ሆኖ ለሁለት የተከፈለ ነው። በአብዛኞቹ ሕፃናት ይህ መጋጠሚያ የሚዋሐደው የመጀመሪያው ዓመት ከማለቁ በፊት ነው።

አጥንቶቹ የሚሠሩበት መንገድም ሁለት ዓይነት ነው። ከታች አንጎልን እንደ መደብ የሚሸከመው የራስ ቅል ወለል በመጀመሪያ እንደ ጆሯችን ጫፍ ያለ ልም አጥንት ይሆንና ቀስ በቀስ ወደ ጠንካራ አጥንት ይለወጣል። ከላይ እንደ ጣሪያ የሚሸፍኑት ጠፍጣፋ አጥንቶች ግን ልም አጥንት ሳይሆኑ በቀጥታ ከስስ ሽፋን ላይ ይጀምራሉ። በሽፋኑ መካከል ነጥብ የምታህል አጥንት ትፈጠርና እንደ ፀሐይ ጨረር ወደ ዳር ዳር እየተዘረጋች ትሄዳለች። ሕፃኑ ሲወለድ እነዚህ አጥንቶች እርስ በርስ ተቀራርበዋል እንጂ አልተጣበቁም። በመካከላቸው ጠባብ መጋጠሚያዎች አሉ። ሦስትና አራት አጥንቶች የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ደግሞ አጥንት ያልደረሰበት ሰፋ ያለ ቦታ ይቀራል። እርግብግቢት የምንለው ይህንን ነው።

ስሙን ልብ በሉ። አባቶቻችንና እናቶቻችን «እርግብግቢት» ያሉት ሲርገበገብ ስላዩት ነው። የሚርገበገበው ከሥሩ ባለው የደም ምት ነው፤ ጤናማ ነገር እንጂ የሕመም ምልክት አይደለም።

አንድ ሕፃን ሲወለድ እንዲህ ያሉ 6 ክፍት ቦታዎች አሉት። በእጃችን በቀላሉ የምናገኛቸው ግን ሁለቱን ነው። አንደኛው ከግንባር በላይ በአናት ላይ ያለው ባለ አራት ማዕዘን ሲሆን በአማካይ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት አለው። ሁለተኛው በስተኋላ ያለው ትንሹ ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። የቀሩት አራቱ በግራና በቀኝ የራስ ጎኖች ላይ ያሉ ስለሆኑ ብዙም አይስተዋሉም።

ክፍት የሆነው ለምንድን ነው?

በዚህ ክፍተት ውስጥ ሁለት ትላልቅ ጥበቦች አሉ።

የመጀመሪያው በምጥ ሰዓት የሚታየው ነው። የሕፃኑ ራስ ከመላ አካሉ ትልቁ ክፍል ነው። የሚያልፍበት የእናቲቱ ዳሌ ደግሞ ጠባብ ነው። ራስ ቅሉ እንደ ድስት የተዘጋ ቢሆን ኖሮ መውጣቱ እጅግ በከበደ ነበር። አጥንቶቹ ግን አንዱ በአንዱ ላይ ትንሽ ይደራረቡና ራሱ ጠበብና ሾጠጥ ብሎ ያልፋል። አዲስ የተወለደ ልጅ ራሱ ሾጣጣ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ስለዚህ «ራሱን እናስተካክልለት» እያሉ በእጅ ማሸትና መጫን አያስፈልግም። በወሊድ ጊዜ በአንድ ወገን ደም ቋጥሮ የሚያብጥ ሕፃንም ያጋጥማል። ይህም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ እየሟሸሸ ይጠፋል። በምላጭ መብጣትና ማፍሰስ ግን ጀርም አስገብቶ ሕፃኑን ለሞት ሊያበቃው ይችላል፤ መደረግ የለበትም።

ሁለተኛው ጥበብ አንጎል እንዲያድግ ነው። የተወለደ ሕፃን አንጎል ከ350 እስከ 400 ግራም ገደማ ይመዝናል። አንድ ዓመት ሲሞላው ወደ 900 ግራም ይጠጋል። የአዋቂ ሰው አንጎል ከ1300 እስከ 1400 ግራም መሆኑን ስናስብ፣ አብዛኛው ዕድገት በእነዚያ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚፈጸም መሆኑን እንረዳለን። አንጎል እያደገ ሲገፋ አጥንቶቹ ይርቃሉ፤ በመጋጠሚያዎቹ ዳርና ዳር ደግሞ አዲስ አጥንት ይጨመራል። እንግዲህ ራስ ቅል አንጎልን የሚያሳድገው ሳይሆን አንጎል ነው ራስ ቅልን የሚያሳድገው። የመኖሪያ ቤታችን ልጆች በተወለዱ ቁጥር ግድግዳው በራሱ እየሰፋ ቢሄድ ምን ያህል በተደነቅን ነበር! ሱብሐነላህ!

የዓለም የጤና ድርጅት በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በዑማንና በአሜሪካ የሚኖሩ ጤናማ ሕፃናትን እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2003 አስለክቶ የዕድገት መለኪያ አውጥቷል። በዚህ መሠረት የራስ ዙሪያ አማካይ ልክ ለወንድ ልጅ ሲወለድ 34.5፣ በ3 ወሩ 40.5፣ በ6 ወሩ 43.3፣ በዓመቱ 46.1 ሴንቲሜትር ነው። ለሴት ልጅ ደግሞ ስትወለድ 33.9፣ በ3 ወሯ 39.5፣ በ6 ወሯ 42.2፣ በዓመቷ 44.9 ሴንቲሜትር ነው። ከዚህ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ልክ በራሱ በሽታ አይደለም። ትልቅ ራስ ያለው አባት ትልቅ ራስ ያለው ልጅ ይወልዳል። መታየት ያለበት ዕድገቱ በራሱ መስመር መቀጠሉ ነው። በፍጥነት ካሻቀበ ወይም ቆሞ ከቀረ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

በስተኋላ ያለው ትንሹ ክፍተት በ2 ወር ገደማ ይዘጋል። በአናት ላይ ያለው ትልቁ እርግብግቢት በአብዛኞቹ ሕፃናት ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይዘጋል፤ እስከ 24 ወር የሚቆይበትም አለ። ጠባቦቹ መጋጠሚያዎች ግን ለብዙ ዓመታት አይዋሐዱም። አናጢ ሁለት ሳንቃዎችን ጥርስ በጥርስ እንደሚያጋጥም በጥብቅ ይያያዛሉ እንጂ ሙሉ በሙሉ የሚዋሐዱት ሰው ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል። ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ ጡት የማጥባትን ጊዜ ሁለት ሙሉ ዓመታት አድርጎታል። እርግብግቢት የሚዘጋበት ጊዜም ከዚሁ ጋር ይቀራረባል። ይህን ያነሳነው «እነሆ የሳይንስ ተአምር» ለማለት አይደለም፤ አያው ስለ እርግብግቢት አልተናገረምና። ነገር ግን እነዚህ ሁለት ዓመታት የልጁ አንጎልና ራስ ቅል በከፍተኛ ፍጥነት የሚያድጉባቸው መሆናቸውን ያወቀች እናት ጡቷን በቀላሉ አትነፍግም።

አይቶ ማመን

ስለ ራስ ቅል ስንነጋገር ልንዘነጋው የማይገባ አንድ የሙስሊም ሐኪም አለ። ዐብዱልለጢፍ አል-በግዳዲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1162 በበግዳድ ተወልዶ በ1231 ያረፈ ሰው ነው። በ1200 ግብፅ ውስጥ ታላቅ ረሃብ በተነሳ ጊዜ በዚያው ነበር። ከከተማ ውጭ የሟቾች አጥንት ተከምሮ ሲያይ ከጓደኞቹ ጋር ሄዶ መረመረ። በዚያን ዘመን ሐኪሞች ሁሉ የሚከተሉት የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ጋሌን፣ ዐረቦች ጃሊኑስ የሚሉት፣ የታችኛው መንጋጋ በሁለት አጥንቶች የተገጣጠመ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። አል-በግዳዲ ግን ከ2000 የሚበልጡ ራስ ቅሎችን አይቶ መንጋጋው አንድ ወጥ አጥንት ሆኖ አገኘው። የጋሌንን ክብር ሳይነካ «ዓይን ያየው ከተነገረው የበለጠ ይታመናል» በሚል መንፈስ ያየውን በመጽሐፉ አሰፈረ።

ዛሬ ሕክምና ይህንን ሲያብራራ፣ መንጋጋ በአዋቂ ሰው አንድ ይሁን እንጂ በተወለደ ሕፃን ላይ በእርግጥም ግራና ቀኝ ሆኖ ለሁለት የተከፈለ መሆኑንና በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ አገጭ ላይ እንደሚዋሐድ ይናገራል። የልጅ አጥንት የአዋቂ አጥንት ትንሹ ቅጂ አይደለም፤ የራሱ ሕግና የራሱ ጊዜ አለው። ከአል-በግዳዲ የምንወስደው ትምህርትም ይኸው ነው። ከታላላቆቻችን የተቀበልነውን ሁሉ አንጥልም፤ ግን በዓይናችን እናይና እንመዝናለን።

እርግብግቢት ሲጎደጉድ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። እርግብግቢት በራስ ላይ የተከፈተ መስኮት ነው። ጤናማ ሕፃን ሳያለቅስ ቀና አድርገን ስንይዘው እርግብግቢቱ ከዙሪያው ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ያለ ነው። ጎልቶ ከጎደጎደ ሕፃኑ ውሃ አጥቷል ማለት ነው። ጉድጓድ ውሃው ሲያልቅ ወለሉ እንደሚታይ ሁሉ፣ በተቅማጥና በትውከት ፈሳሽ ያጣ አካልም በእርግብግቢቱ ይታወቃል። ታዲያ ውሃው ያለቀበትን ጉድጓድ በቅቤ ብንሸፍነው ይሞላል?

ላንቃን በጣት መግፋትን በተመለከተ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተላለፈ ግልጽ ትምህርት አለን። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ኡሙ ቀይስ ቢንት ሚሕሰን (ረ.ዐ.) የጉሮሮ ሕመም ያገኘውን ልጇን ላንቃውን በጣት ተጭናለት ይዛው ወደ እሳቸው መጣች። እሳቸውም ሴቶች ልጆቻቸውን በዚህ ዓይነት መጫን ለምን እንደሚያሠቃዩ ጠይቀው በዚያ ፋንታ ቁስጥ የተባለውን መድኃኒት እንዲጠቀሙ አመላከቱ። ልብ በሉ! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እናቲቱን «ዝም ብለሽ ጠብቂ» አላሏትም፤ ሕፃኑን ከሚያሠቃየው ልማድ መልሰው ወደ መድኃኒት ነው የመሯት። እሳት መተኮስንም በተመለከተ በቡኻሪ ዘገባ ኡመታቸውን ከዚህ መከልከላቸው ተላልፏል። ዑለማኦች የክልከላውን ደረጃ በተመለከተ በዝርዝር ተነጋግረዋል። ነገር ግን አጥንት በሌለበት፣ ከሥሩ አንጎል ባለበት ቦታ፣ መናገር በማይችል ሕፃን ላይ፣ ለማይጠቅም ነገር እሳት መተኮስን የሚፈቅድ ዓሊም የሚኖር አይመስለንም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ ጡት አታቋርጡ። «ጡት ተቅማጥ ያብሳል» የሚባለው ስሕተት ነው። እንዲያውም ቶሎ ቶሎ አጥቡት።

ሁለተኛ፦ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) በጤና ጣቢያና በመድኃኒት ቤት ይገኛል። የ1 ሊትሩን አንድ ፓኬት ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡት። ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከሩብ እስከ ግማሽ ኩባያ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡት። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና ቀጥሉ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ።

ሦስተኛ፦ የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት መመሪያ ከዚሁ ጋር የዚንክ እንክብል ይሰጣል። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን በቀን 10 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 20 ሚሊግራም፣ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ድረስ መቀጠል አለበት።

አራተኛ፦ ሕፃኑ መጥባት ካቃተው፣ ከደነዘዘ፣ ዓይኑ ከገባ፣ የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ ወይም ተቅማጡ ደም ካለው፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ሩቃውን በመንገድ ላይ ቅሩለት። ዱዓና መድኃኒት ተጣልተው አያውቁም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን አስሮ በአላህ መመካትን አስተምረውናል።

ውሃው በቂ ሲሆን እርግብግቢቱ በራሱ ይመለሳል። ቅቤውም ሆነ ጣቱ ያልቻለውን ኦ.አር.ኤስ.ና ጡት በአላህ ፈቃድ ይፈጽሙታል።

ሲያብጥና ራስ ከመጠን በላይ ሲያድግ

ሕፃን ሲያለቅስ፣ ሲያስለው ወይም ሲያስመልሰው እርግብግቢቱ ከፍ ይላል፤ ይህ የተለመደ ነው። ዝም ብሎ ቀና በተያዘበት ጊዜም ተወጥሮ ካበጠ ግን ከባድ ምልክት ነው። ትኩሳት፣ ጡት እምቢ ማለትና መንቀጥቀጥ ከተጨመረበት የማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ይህ በሰዓታት ውስጥ የሚገድል ወይም መስማትና ማሰብን የሚያሳጣ በሽታ ነው። መከላከያ አለው፤ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው አምስት በአንድ ክትባትና በ2011 የተጨመረው የኒሞኮካል ክትባት ዋና ዋናዎቹን የሕፃናት ማጅራት ገትር አምጪ ተሕዋስያን ይከላከላሉ። ክትባት ማስጨረስ የወላጅ አማና ነው።

ትኩሳት ሳይኖር ራሱ በየሳምንቱ እያደገ፣ የራሱ ደም ሥሮች እየጎሉ፣ ዓይኖቹም እንደምትጠልቅ ፀሐይ ወደ ታች እየዞሩ ከመጡ ሃይድሮሴፋለስ የተባለው፣ በአንጎል ውስጥ ፈሳሽ የመጠራቀም ሕመም ነው። በአንጎል ውስጥ ፈሳሽ ያለማቋረጥ ይመነጫል፣ ያለማቋረጥም ይፈሳል። የሚፈስበት መንገድ ሲዘጋ ይጠራቀማል፤ መጋጠሚያዎቹ ክፍት ስለሆኑም ራስ ቅሉ ይለጠጣል። ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የአንደሉሱ ሐኪም አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ ይህንን የሕፃናት ሕመም በመጽሐፉ ገልጾታል፤ በዘመኑ ግን ይህ ነው የሚባል መፍትሔ አልነበረም። ዛሬ አለ። ፈሳሹን በቀጭን ቱቦ ወደ ሆድ ዕቃ የሚያወርድ ወይም በውስጥ አዲስ መተላለፊያ የሚከፍት ቀዶ ሕክምና ይሠራል። በአዲስ አበባ እንደ ጥቁር አንበሳና ዘውዲቱ ባሉ ሆስፒታሎች ይሰጣል። ዋናው ቁም ነገር ጊዜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የደረሰ ልጅ ለማየትም፣ ለመራመድም፣ ለመማርም የተሻለ ዕድል አለው። «የጂን ነው»፣ «ዓይነ ጥላ ነው» እየተባለ ቤት ውስጥ ተደብቆ የቆየ ልጅ ግን አንጎሉ በግፊት ይጎዳል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ መከላከያ አለ። የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ቱቦ የሚዘጋው ከፅንስ በኋላ በ28 ቀናት ውስጥ ነው፤ ማለትም ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ። ሳይዘጋ ሲቀር ሕፃኑ ራስ ቅሉ ወይም ጀርባው ክፍት ሆኖ ይወለዳል፤ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹም ሃይድሮሴፋለስ ያገኛቸዋል። ለማርገዝ የምታስብ እህት አስቀድማ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ብትወስድ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ ኒካሕ ስናስር ስለ መህር እንደምንነጋገር ሁሉ ስለዚህች ትንሽ እንክብልም ብንነጋገር መልካም ነው።

ሲዘገይ፣ ሲፈጥን፣ ሲጣመም

እርግብግቢቱ ከ2 ዓመት በኋላም ሰፍቶ ከቀረ፣ ራስ ቅሉ ሲነካ እንደ ስስ ኳስ ከተሰረጎደ፣ የእጁ አንጓ ከወፈረና ግንባሩ ከጎላ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሪኬትስ ነው። ሪኬትስ ከቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ የአጥንት መልፈስፈስ ነው። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለበት አገራችን ይህ ሕመም መኖሩ ሊያስገርም ይችላል። ግን ፀሐይዋ ብትኖርም ሕፃኑ ከቤት አይወጣም፤ ሲወጣም ተሸፋፍኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በአዲስ አበባው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተሠርቶ የታተመ ጥናት፣ የሳንባ ምች ይዟቸው በመጡ ሕፃናት ዘንድ ሪኬትስ ሕመሙ ከሌለባቸው ይልቅ 13 እጥፍ ያህል ጎልቶ መገኘቱን አሳይቷል። የጎድን አጥንት ሲልፈሰፈስ መተንፈስም ይከብዳልና።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሕፃኑን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቁት፤ ዓይኑን ከልላችሁ፣ እጅና እግሩን ገልጣችሁ፣ ለጥቂት ደቂቃዎች። በመስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ አይሠራም። ሒጃብ የምትለብስ እናትም በግቢዋ ውስጥ ባዕድ ወንድ በማያያት ቦታ ፀሐይ ብትሞቅ ለራሷም ለምታጠባው ልጅም ይበጃል። ባሎችም ለዚህ የሚሆን ቦታና ጊዜ ማመቻቸት አለባቸው።

በተቃራኒው ከ2000 እስከ 2500 ከሚሆኑ ሕፃናት አንዱ መጋጠሚያው ያለ ጊዜው የተዘጋ ሆኖ ይወለዳል። ያኔ አንጎል በተዘጋው በኩል መስፋት ስለማይችል ራስ በሌላ አቅጣጫ ይረዝማል ወይም ይጣመማል። በመጋጠሚያው ላይ ጠንካራ ሸንተረር ይዳሰሳል። ይህም ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፤ የሚመረጠውም በመጀመሪያው ዓመት ነው።

ከዚህ የተለየው ደግሞ አተኛኘት የሚያመጣው ጠፍጣፋነት ነው። ሕፃን በጀርባው መተኛቱ ለሕይወቱ ደኅንነት የተመረጠ ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ በአንድ ጎን ካዘነበለ ያ ጎን ይጠፈጥፋል። ነቅቶ ሳለ እየተመለከታችሁት በሆዱ አስተኙት፣ ራሱን አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ አዙሩለት፣ እቀፉት። አብዛኛው በራሱ ይስተካከላል።

አቂቃና ቁንጮ

በሰባተኛው ቀን የሕፃኑን ፀጉር መላጨት ሱና ነው። አንዳንድ እናቶች እርግብግቢቱን በመፍራት ይሸሹታል። ሌሎች ደግሞ ዙሪያውን ላጭተው በአናት ላይ ቁንጮ ይተዋሉ፤ «እርግብግቢቱን ይጠብቅለታል» በሚል። ከፊሉን ላጭቶ ከፊሉን መተውን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መከልከላቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። እርግብግቢትን የሚጠብቀውም ፀጉር አይደለም፤ ከቆዳው ሥር ያለው ወፍራምና ጠንካራ ሽፋን ነው። ስለዚህ በአዲስ ምላጭ፣ በሚያውቅ ሰው እጅ፣ ሳይጫኑ መላጨት ይቻላል። ምላጩ ለሌላ ልጅ አይደገም። በሳሙናና በለብ ባለ ውሃ ማጠብም አይጎዳውም። የሚጎዳው መጫን፣ መብጣት፣ መተኮስና ከሁሉም በላይ በንዴት መነቅነቅ ነው። ሕፃን ሲያለቅስ ታክቶት የሚነቀንቀው ሰው የአንጎሉን ስስ ደም ሥሮች ሊበጥስ ይችላል።

በአጭሩ

ከጎደጎደ አጠጡ፤ ካበጠ ሩጡ፤ ራሱ በፍጥነት ካደገ አስለኩ፤ ከዘገየ ፀሐይ አሙቁ፣ አስመርምሩም። አያቶቻችን ሕፃን ሲታቀፉ መጀመሪያ አናቱን ይዳስሱ ነበር። ይህ መልካም ልማድ ነውና እንያዘው። የዳሰሰው እጅ ግን ቀጥሎ የሚያነሳው ቅቤና ብረት ሳይሆን የውሃ ማንኪያ ይሁን።

አላህ ልጆቻችንን ጤናማና ሳሊሕ ያድርግልን፤ የታመሙትን ያሽርልን፤ በእጃችን ያለውን አማና ከምንጠብቅ ሰዎች ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።